ያልተበተነ አውጫጭኝ

የመሬቱን ስም አልጽፍም። ሁለት ስም አለው፤ አንዱን ብጽፍ አንደኛው ወገን ይቀየመኛል፣ ሌላውን ብጽፍ ሌላኛው። እኔ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ሳይቀያየሙ ውሃ እንዲጠጡ ሳሰናዳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ሄግ ውስጥ መንግሥታት ለስብሰባ የሚከራዩት አንድ ሕንፃ አለ፤ እዚያ አዳራሽ አዘጋጅ ነበርኩ። ጠረጴዛ እገጥማለሁ፣ ወንበር አስተካክላለሁ፣ ብርጭቆ እደረድራለሁ፣ የየተሰብሳቢውን ስም የያዘች ካርድ ከፊቱ አቆማለሁ። ሲበተኑ ደግሞ የተረፈውን ሁሉ አነሳለሁ። ስቀጠር ያየሁትንና የሰማሁትን ከበሩ ውጭ ላላወራ ፈርሜ ነበር። አሁን ሥራውን ከለቀቅሁ ቆይቷል። ስሙን የምተወው ፊርማዬን ፈርቼ ሳይሆን፣ ስም ሲጠራ ሰው ወዲያው ወገን ስለሚይዝ ነው።

ነገሩ የሆነው ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ በሚሏቸው ዓመታት አጋማሽ ላይ ነው። ሁለት አገሮች በዚያ መሬት ተዋግተው ነበር፤ አንደኛው የእኔ አገር ነው። ጦርነቱ ካበቃ ዓመታት ቢያልፉም መሬቱ የማን እንደሆነ አልተቋጨም። ነዋሪው ተበትኗል፣ ወታደሩ ግራና ቀኝ ምሽግ ውስጥ ተፋጧል። የሌሎች አገሮች ዲፕሎማቶች አንድ ዓለም አቀፍ አጣሪ ቡድን ይላክ፣ ማን ይኖርበት እንደነበረ፣ በማን ላይ ምን እንደተፈጸመ ሕዝቡን ይጠይቅ አሉ። ሁለቱም መንግሥታት በመርህ ደረጃ ተስማሙ። ከዚያ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን አዳራሼ ውስጥ መሰብሰብ ጀመሩ። ለማጣራት እንዳይመስላችሁ። ማጣራቱ እንዴት ይታቀድ የሚለውን ለመነጋገር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ የፕሮቶኮል ሰው ሜትር ይዞ መጣና የሁለቱን ባንዲራዎች ዘንግ ለካ። አንዱ በአውራ ጣት ስፋት ይረዝም ነበር፤ ሌላ ዘንግ ፍለጋ ሁለት ፎቅ ወርጄ ወጣሁ። ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን ካርታ በነጭ ጨርቅ እንድሸፍን ታዘዝኩ፤ የትኛውም ካርታ መስመር አለው፣ መስመር ካለ ደግሞ ስብሰባ የለም። እናም ሰዎቹ ስለዚያ መሬት ሲነጋገሩ የሚያዩት የተሸፈነ ካርታ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ያኔ መሳቅ እችል ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከሩት ቡድኑ በየት በኩል ይግባ በሚለው ላይ ነው። በአንደኛው አገር መንገድ ከገባ የዚያን አገር ቪዛ ሊያስመታ ነው፤ ቪዛ አስመታ ማለት መሬቱ የዚያ አገር ነው ብሎ አመነ ማለት ነው። በሌላኛው ቢገባም ያው። በሄሊኮፕተር ይሁን ተባለ፤ ታዲያ ሰማዩስ የማን ነው? እኔ ውሃ እየቀዳሁ እሰማለሁ። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ እንግሊዝኛዬ ደህና ነበር፤ እነሱ ግን ብርጭቆ የሚሞላ እጅ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። የምኖረው ሮተርዳም ከተማ፣ ዙይድ በሚባለው ደቡባዊ ሰፈር ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በራችን በአንድ በረንዳ ጎን ለጎን የተከፈተ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አዛውንት ናቸው። ያ ሌላኛው አገር የእሳቸው ነው። አማርኛውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መካኒክ ሆነው ሲሠሩ ነው የተማሩት፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው እንደ አራዳ ልጅ ይናገሩታል። እዚህ አገር ከገቡ በኋላ ፔርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ ሲሠሩ እዚያው አጠገብ ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ለሜትሮው ቅርብ ይሁንልኝ ብለው እኛ ሕንፃ መጡ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቢስክሌቴን ይጠግኑልኛል። በረመዳን ሾርባ ስወስድላቸው መግሪብ ሳይደርስ ማንኪያ አያነሱም፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ጎረቤት እየጾመች እኔ አልበላም ይላሉ። ስለ ድንበሩ አንስተን አናውቅም። እሳቸው የመንግሥታቸውን ነገር፣ እኔም የመንግሥቴን ነገር እንደ ጫማ በር ላይ አውልቀን ነው የምንገባው። የተወለዱት ግን እዚያው፣ ካርታው ላይ በሸፈንኩት ጨርቅ ሥር እንደሆነ አውቅ ነበር።

አንድ ማምሻ የቢስክሌቴን ሰንሰለት ዘይት እየቀቡልኝ ሳለ አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ አገር እየመከሩ ነው» አልኳቸው። ስለ ምን ብለው ጠየቁኝ። ሰዎች ይላካሉ፣ ሕዝቡን ይጠይቃሉ፣ እውነቱን ይጽፋሉ አልኩ። ፖሊስ ናቸው አሉኝ። አይደሉም። ፍርድ ቤት ነው? እሱም አይደለም። እንዴት እንደማስረዳ ሲጠፋኝ አባቴ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። በአባቴ ዘመን ወሎ ውስጥ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይጠራል። እያንዳንዱ በየተራ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ሌላው ይመሰክርለታል ወይም ይቃወመዋል። የቀረ ይቀጣል፣ ይጠረጠራልም። ነገሩ እስኪወጣ፣ የጠራው ዳኛም እስኪበትነው ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ስንቁን ቋጥሮ ነው የሚመጣው። «እንደ አውጫጭኝ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ልጅ ሳሉ አባታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው አንድ አውጫጭኝ አይተዋል፤ ሦስት ቀን ፈጅቶ የተሰረቀችው በቅሎ ተገኝታለች። መቼ ነው አሉኝ። የዚያን ቀን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ በቆመው ትልቅ ወረቀት ላይ፣ ቡድኑ ይገባል ከሚለው መስመር ትይዩ ኦክቶበር የሚል ተጽፎ አይቻለሁ። በጥቅምት ነው አልኳቸው። እኔ፣ ነገ ዳቦ እገዛለሁ ለማለት እንኳ ኢንሻአላህ የምል ሴት፣ ያን ቀን ሳልል ቀረሁ። ያወቀ ሰው መምሰል ሲጥም አትጠይቁኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

በመስከረም መጨረሻ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው፤ ስልሳን ያለፈች ባሏ የሞተባት ሴት ናት ብለውኝ ያውቃሉ። ጦርነቱ ከዚያ መሬት ካፈናቀላቸው ጀምሮ እህታቸው ከተማ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነበር የሚኖሩት። ከዚያች ልጅ ጋር ነው ጋሼ በስልክ የሚገናኙት። «ሄዳለች» አሉኝ። ወዴት ስላቸው ወደ ቦታዋ አሉኝ። የፈረሰ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ላስቲክ ወጥረው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ከሌሎች አራት አምስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። አውጫጭኝ ተጠርቷል ብለው የነገሯቸው ጋሼ ናቸው።

«አውጫጭኝ ላይ ያልተገኘ ሰው ቃል የለውም፣ ልጄ። በኋላ መሬቱ ባዶ ነበር እንዳይባል።»

ቁጭ ብዬ፣ ጋሼ እንደዚያ አይደለም፣ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ በመኪና ይመጣሉ፣ የሚጠይቁትን ሰው ራሳቸው ይመርጣሉ፣ እኔ ለማስረዳት ያህል ነው ያልኩት አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ ታዲያ እዚያ ሰው ከሌለ ማንን ሊጠይቁ ነው አሉኝ። ይህን ዲፕሎማቶቹም ገና አልወሰኑም፤ ያን ሳምንት የሚከራከሩት ነዋሪ የሚባለው አሁን ያለው ነው ወይስ ከጦርነቱ በፊት የነበረው በሚለው ላይ ነበር።

ጥቅምት ገባ፣ ጥቅምት ወጣ። አንድ ጠዋት ስገባ ትልቁ ወረቀት ተገንጥሎ ወድቋል፤ አዲሱ ላይ ከጥር በኋላ የሚል ተጽፏል። ከጥር በኋላ ደግሞ ስንት ወር አለ! ጎረቤቴ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አይጠይቁኝም፣ ፊቴን ብቻ ያያሉ። ከሜትሮው ጣቢያ በጓሮ በኩል ዞሬ የምገባበት ጊዜ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ያ ደግሞ አልጠቀመኝም፤ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ሲያስሉ ይሰማኛል።

ኅዳር ላይ ከእህታቸው ልጅ ስልክ መጣ። እህታቸው ውሃ የሚቀዱበት ጉድጓድ አጠገብ አህያ ፈንጂ ረግጣ ሞታለች። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ተመልሰዋል። ጎረቤቴ በቃ ተመለሺ ብለው ላኩ፤ ልጅቷ ከከተማ አንድ ቀን ሙሉ ሄዳ መልእክቱን አድርሳ፣ መልሱን ይዛ ተመለሰች። «ሳይበተን ማን ይነሳል?» ነው ያሉት እህታቸው። እሱማ ሕጉ ነው፤ አስተካክዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከዲፕሎማቶቹ ጋር የምትመጣ አንዲት አማካሪ ነበረች፤ ሁልጊዜ ደህና አደርሽ የምትለኝ፣ ባዶ ሙቅ ውሃ ብቻ የምትጠጣ ሴት። ኮሪደር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፊርማዬን ማፍረሴን፣ አውጫጭኙን፣ ላስቲኩን፣ አህያዋን። አላቋረጠችኝም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አላስመሰለችም። ከዚያ የነገርኳትን ለአለቆቼ እንደማትናገር፣ ቡድኑ ከተቋቋመ በኋላ ግን ማንም ሰው ምስክርነቱን የሚልክበት አድራሻ እንደሚኖር ነገረችኝ። ከተቋቋመ በኋላ።

«እስከዚያ አንቺ ማድረግ የምትችዪው የለም» አለችኝ። «እኔም የለኝም።»

እሷ እንኳ የለኝም ካለች የእኔ ምን ይሁን? ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። ምላሴ እንደሁ አያርፍም፤ ደሴ ሳለሁ ምላጭ ነበር የሚሉኝ። ለደግ ሰው ምን ይመለሳል? ሙቅ ውሃዋን ሞላሁላትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ጥር ላይ ጎረቤቴ ራሳቸው መላ አመጡ። ስልካቸውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «የጠራ ነው የሚበትን» አሉኝ። እኔ ማንን ጠራሁ አልኳቸው፤ ለማለት ያህል እንጂ ገብቶኛል። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩ ውስጥ ድምፄን ቀዳሁ። እኔ ሄግ ስብሰባው ባለበት የምሠራ ነኝ፣ ሰዎቹ ስላልተስማሙ አይመጡም፣ አውጫጭኙ ተበትኗል፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ አልኩ። ድምፄን እንደ ዳኛ ለማድረግ ሞከርኩ፤ መሃል ላይ ተሰበረብኝና እንደገና ቀዳሁት። ጎረቤቴ ከእኔ ቀጥለው በእናት ቋንቋቸው ደገሙት። የእህታቸው ልጅ ተቀብላ ወሰደች።

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ጎረቤቴ አንገታቸውን ደፍተው ተረጎሙልኝ። «ሰምቻለሁ ትላለች። ግን ቃሌን ማን ተቀበለኝ ትላለች።»

ትክክል ነበሩ። አውጫጭኝ ቃል ሳይቀበል አይበተንም። ወላሂ፣ ከዚያ ሁሉ ስብሰባ ውስጥ ሥርዓቱን የጠበቁት ሰው ላስቲክ ሥር የተቀመጡት ሴት ብቻ ነበሩ። እንግዲያው ይላኩና እኔ ጠረጴዛው ላይ አቀርባለሁ አልኩ። ይህንንም ስል ኢንሻአላህ አልኩበት።

ልጅቷ ሄዳ የእናቷን ድምፅ ቀድታ፣ ከከተማ ላከችልን። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት የጋሼ ሳሎን ተቀምጠን፣ እሳቸው ጥቂት እየሰሙ ያቆሙታል፣ በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። እህታቸው መጀመሪያ ማሉ። ከዚያ የቤታቸውን ወሰን በአራት አቅጣጫ ተናገሩ፤ በምሥራቅ ሾላው፣ በምዕራብ የማን እርሻ፣ በየት በኩል ጉድጓዱ፣ ጉድጓዱን እነማን እንደቆፈሩት። ከቆፈሩት ግማሾቹ የእኔ አገር ሰዎች ነበሩ፤ በየስማቸው ጠሯቸው። መድፍ የወደቀ ቀን የልጅ ልጃቸውን አቅፋ የሸሸችላቸው ሴትም ከእኔ ወገን ነበረች። ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ስልኩን አቁመው መስኮቱን አዩ። እኔም እስክሪብቶዬን አየሁ። ለስንት ዓመት በር ላይ ስናወልቀው የኖርነው ነገር ያን ቀን አብሮን ሳሎን ገባ፣ እና ምንም አላደረገንም።

እህታቸው መሬት ይሰጠኝ አላሉም። ካሳም አልጠየቁም። በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ከመሸሻቸው በፊት በነበረው ዓመት ያስገጠሙት የብረት በር ነበር፤ ሲመለሱ ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ተነቅሏል። ማን እንደነቀለው አውጫጭኙ ያውጣልኝ አሉ። አራት ገጽ ሆነ። ንጹሕ አድርጌ ገለበጥኩት።

መጋቢት ላይ የስብሰባው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ያን ጠዋት ብርጭቆ ደርድሬ፣ የስም ካርዶቹን አቁሜ ስጨርስ፣ አራቱን ገጽ ከቀሚሴ ሥር አወጣሁና የሰብሳቢው ማኅደር ላይ አስቀመጥኩት። ከሁለቱ ወገኖች ለአንዳቸው ብሰጥ የወገን ይሆናል ብዬ ነው። ቢስሚላህ አልኩ። ሰዎቹ ገቡ። ሰብሳቢው ተቀመጠ፣ ወረቀቱን አየው፣ ከላይ ያለችውን መስመር ያነበበ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ጎን ገፋ አደረገውና ማኅደሩን ከፈተ። ውሃ ልሞላ ስገባ ቡናው ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛ ስገባም እዚያው ነው። አንስተህ አንብበው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያቺ አፌ፣ ባልተጠራችበት ሁሉ የምትገባው፣ ያን ቀን ተለጎመች። አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም እንዳልል፣ ሰውዬው የተኛም አልነበረም። ሥራውን እየሠራ ነው። ሥራው ደግሞ ያ ወረቀት አልነበረም።

አርባ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ሁኔታዎች እስኪመቻቹ ዕቅዱ ይቆይ ተባለ። ተጨባበጡ፣ ያቺ አማካሪ ሳታየኝ ወጣች፣ ወይም አይታኝ ነው። ከአለቃዬ ጋር ጠረጴዛውን ለማንሳት ገባን። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ስብሰባ ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ወረቀት አይነበብም፣ አይወሰድም፤ የተቆለፈው ግራጫ ሳጥን ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ በማግስቱ ማሽን ይከትፈዋል። አራቱ ገጽ እዚያው ነበሩ፣ ከላይኛው ላይ የቡናው ክብ ታትሟል። አለቃዬ ሳጥኑን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ኪሴ ብከተው ያየኛል፣ ከሥራም እባረራለሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ለቀቅሁት። የራሴ እጅ ጽሑፍ አንድ በአንድ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ አየሁ።

ወደ ቤት ስመለስ በጓሮ አልዞርኩም። ጎረቤቴ ኮታቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«ቀረበ?»

«ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ጋሼ። ሰብሳቢው ፊት። ስብሰባው እስኪያልቅ።»

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ስንት ዓመት ሞተር እያዳመጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የማይሠራን ነገር በድምፁ ያውቁታል። ግን ገብተው ለእህታቸው ልጅ ደወሉ። ቃልሽ ቀርቧል፣ ተበትኗል፣ ተነሺ ብለው ላኩ። በሳምንቱ እህታቸው ላስቲኩን አጥፈው ወደ ከተማ ተመለሱ። ስሰማ ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጎረቤቴ ጠሩኝ። እህታቸው መስመር ላይ ናቸው፤ ሊያመሰግኑኝ ፈልገዋል። ስልኩ ይንሿሿል፣ የሰማኋቸው ከዚያ ቀን በፊት በተቀዳው ድምፅ ብቻ ነበር፣ አሁን ቀጥታ ሲስቁ ሰማሁ። ምርቃት አወረዱልኝ፣ ጋሼ ተረጎሙት። ከዚያ እህታቸው አንድ ነገር ጠየቁ። ጋሼ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት።

«ቃሌን የተቃወመ ሰው ነበር ወይ ትላለች።»

«የለም» አልኩ። «ማንም አልተቃወመም።»

ቃል በቃል ተረጎሙላቸው።